ለንግድ ሥራ የሚሆን መኪና፤ የናፍጣ ሞተር ወይስ የቤንዚን ሞተር?

ለንግድ ሥራው መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ጥያቄ ሞተሩ በናፍጣ የሚሠራ ይሁን ወይስ በቤንዚን የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያገኙት ከጎረቤት ወሬ ወይም ከደላላ አንደበት ነው። አንዱ «ናፍጣ ይቆጥባል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የናፍጣ ጥገና ኪስ ያራቁታል» ይላል። ሁለቱም አባባሎች በየስፍራቸው እውነትነት አላቸው። ነገር ግን ለአንዱ ነጋዴ ትርፍ ያመጣ ሞተር ለሌላው ኪሳራ ሊሆን ስለሚችል፣ ምርጫው በሥራው ዓይነትና በሒሳብ ላይ መመሥረት ይገባዋል።

ጥያቄው በዛሬው ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ የናፍጣም ሆነ የቤንዚን አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው ፊቱን የሚያዞረው አስቀድመው ወደ አገር ውስጥ ወደ ገቡት፣ አብዛኞቹም ብዙ አገልግሎት ወደ ሰጡት መኪናዎች ነው። ስለሆነም ተሳስቶ የገዛ ነጋዴ ስሕተቱን በቀላሉ ሊያርም አይችልም፤ ለሸቀጥ መግዣ ይሆን የነበረው ገንዘቡም ለሥራው በማይስማማ ብረት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ከመግዛት በፊት የሁለቱን ሞተሮች ጠባይ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

የሁለቱ ሞተሮች አሠራር

በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን ይደባለቃሉ፤ ፒስተኑም ድብልቁን ከ8 እስከ 12 እጥፍ ያህል ካመቀው በኋላ ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ሰጥቶ ያቀጣጥለዋል። የዚህ ባለ አራት ምት ሞተር መሠረት የተጣለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 በጀርመናዊው በኒኮላውስ ኦቶ ሥራ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ካርል ቤንዝ ባለ ሦስት ጎማ አውቶሞቢሉን በመንግሥት መዝገብ ያስመዘገበው በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ገጥሞለት ነው።

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥል የካንዴላ ብልጭታ የለም። በመጀመሪያ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ብቻ ነው፤ ይህም አየር ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የታመቀ አየር እንደሚግል ያውቃልና ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በዚህ በጋለ አየር ውስጥ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ በተግባር ያሳየው ይህንኑ ነው። በ1936ም መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለውን አውቶሞቢል በማውጣቱ፣ እስከዚያ ድረስ በመርከብና በካሚዮን ይታወቅ የነበረው የናፍጣ ሞተር ወደ ትንሽ መኪና ተሸጋገረ።

ከዚህ የአሠራር ልዩነት ለገዢው የሚተርፉ ሁለት ውጤቶች አሉ። አንደኛው ቁጠባ ነው። ሞተሩ አየሩን አብዝቶ ስለሚያምቅ ከነዳጁ ሙቀት የሚበልጠውን ክፍል ወደ ሥራ ይለውጣል፤ ከዚህም በቀር አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይልቅ በመቶ ከ10 የማያንስ ብልጫ ያለው የሙቀት ኃይል ይዟል። ስለዚህ ተመሳሳይ ክብደት ካላቸው ሁለት መኪናዎች የናፍጣው በሊትር ሲቆጠር ብዙውን ጊዜ በመቶ ከ20 እስከ 30 ያህል ይቆጥባል። ሁለተኛው ውጤት ውድነት ነው። ብርቱ መታመቅን የሚችል ሞተር ወፍራምና ከባድ ሆኖ መሠራት አለበት፤ ፖምፓውና ኖዝሉም እጅግ ጥንቃቄ በተሞላበት ሥራ የሚዘጋጁ በመሆናቸው ሲገዙም ሲጠገኑም ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው።

መንገዱና ጭነቱ

የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብርቱ የመጎተት ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ ጭነት ለሚይዝ፣ ዳገት ለሚወጣና ረጅም መንገድ ያለማቋረጥ ለሚጓዝ መኪና የተመቸ ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ቀላልና ድምፁ ዝግ ያለ ሲሆን፣ በብርድ ጧት ፈጥኖ ይነሣል፤ በከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሣ ለሚሄድና ጭነቱ ቀላል ለሆነ መኪና ይስማማል።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚነዳ ሰው ስለ አየሩም ማሰብ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ የናፍጣም ይሁን የቤንዚን፣ በዚህ ስፍራ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ድካሙ ይብሳል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተርም አየር ሲያጥረው ጥቁር ጭስ ያወጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ የጎደለውን ኃይል አብዛኛውን ይተካል። በቅርብ ዘመን የተሠሩት የናፍጣ ሞተሮች ሁሉም ማለት ይቻላል ቱርቦ ስላላቸው፣ በደጋ መንገድ ብልጫቸው ይታያል።

በአንጻሩ አጭር መንገድ የናፍጣ ሞተር ጠላት ነው። በተለይ በአዲሶቹ መኪናዎች የጭስ መውጫ ላይ ጥላሸት የሚይዝ ፊልትሮ ተገጥሟል። ይህ ፊልትሮ የያዘውን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ሞተሩ በደንብ ግሎ ለጥቂት ጊዜ ሳያቋርጥ ሲሄድ ነው። መኪናው በየቀኑ 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ብቻ እየተነዳ የሚቆም ከሆነ ፊልትሮው ይደፈናል፤ ባለቤቱም በነዳጅ ያተረፈውን ለጋራዥ ይከፍላል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንደኛው ነጋዴ በመርካቶ ሱቅ ያለው ሲሆን፣ መኪናውን ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅም ወደ ባንክ መመላለሻ አድርጎ በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። ሁለተኛው ቡና ገዢ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በየሳምንቱ ደርሶ መልስ እየተጓዘ፣ በከተማ ከሚነዳው ጋር በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ለሁለቱም የቀረበላቸው የቤንዚን መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ የናፍጣው 9 ሊትር ይፈጃል፤ የናፍጣው ዋጋ ግን በ240,000 ብር ይበልጣል። ስሌቱ እንዲቀል የሁለቱም ነዳጅ ዋጋ በሊትር 100 ብር ይሁን። እነዚህ ቁጥሮች ለማስተማሪያ የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ገዢው በስፍራቸው የዕለቱን ዋጋ ያስገባል።

ባለ ሱቁ በናፍጣ ቢነዳ በዓመት 300 ሊትር፣ ማለት 30,000 ብር ይቆጥባል። ለፊልትሮ፣ ለዘይትና ለጥገና በዓመት 10,000 ብር ተጨማሪ ቢያወጣ ንጹሑ ቁጠባ 20,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ አብልጦ የከፈለው 240,000 ብር የሚመለሰው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ቡና ገዢው ግን በዓመት 1,200 ሊትር፣ ማለት 120,000 ብር ይቆጥባል፤ ብዙ ስለሚነዳ የጥገናው ጭማሪ 20,000 ብር ቢደርስ እንኳ 100,000 ብር ይተርፈዋል። እርሱ ገንዘቡን በ2 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይመልሳል።

ብዙ ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይኸውም ገንዘብ ራሱ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ባለ ሱቁ ያን 240,000 ብር በሸቀጥ ላይ አውሎ በዓመት በመቶ 10 የተጣራ ትርፍ ቢያገኝበት 24,000 ብር ይሆናል። ይህ በነዳጅ ከሚቆጥበው ከ20,000 ብር ይበልጣል። መኪናው ሲሸጥ ካበለጠው ገንዘብ ከፊሉ ሊመለስለት ቢችልም፣ እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ 4,000 ብር እየጎደለበት ይነዳል ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን ዓይነቱን ግዢ። ለቡና ገዢው ግን 100,000 ብር ከ24,000 ብር እጅግ ስለሚበልጥ፣ የናፍጣውን ሞተር መተው ራሱን መጉዳት ነው።

ስለ ነዳጅ ንጽሕናና ስለ ጥገና

የናፍጣ ሞተር ቆሻሻ ነዳጅን አይታገሥም። ናፍጣው ለፖምፓው ማለስለሻ ዘይት ጭምር ሆኖ ያገለግላልና፣ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት እንደሆነ ፖምፓውና ኖዝሉ ቶሎ ይበላሉ። በአዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣው የሚረጨው ከ1,000 የአየር ግፊት እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ስለሆነ፣ ዓይን የማያየው ብናኝ እንኳ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ፊልትሮውን በጊዜው መለወጥ፣ በፊልትሮው ግርጌ የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ ነዳጅንም በጀሪካን ከማይታወቅ ስፍራ ከመግዛት መቆጠብ ያስፈልጋል።

በናፍጣ መኪና ውስጥ በስሕተት ቤንዚን የተቀዳ እንደሆነ ቁልፉን ማዞር አይገባም፤ ሞተሩ ሳይነሣ መኪናው ተገፍቶ ነዳጁ በሙሉ ሊፈስ ይገባዋል። ብዙ ሾፌሮች ያሉት ድርጅት የነዳጁን ዓይነት በታንኩ ክዳን ላይ በጉልህ ቢያጽፍ ከዚህ አደጋ ይድናል።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

ባገለገለ መኪና ላይ የሞተሩ ጤንነት ከሞተሩ ዓይነት ይቀድማል። ገዢው መኪናውን በጧት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዶ ይመልከት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ቢጠብቀው ይጠርጥር። ሞተሩ ሲነሣ የጭሱን መልክ ያስተውል። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን፣ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት ማቃጠሉን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ የራዲያተር ውሃ መኖሩን ይጠቁማል። ከዚያም የታመነ መካኒክ የሲሊንደሮቹን እመቃ በመሣሪያ ይለካ። በመጨረሻም በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት በመኪናው ላይ ካለው ጋር መስማማቱ ይረጋገጥ፤ ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ያልታረመ መኪና ስሙን ለማዛወር ያስቸግራልና።

ዕቃና ሠራተኛ ባሉበት ግቢ ስለ አደጋም ማሰብ ተገቢ ነው። የቤንዚን ተን በማንኛውም የአየር ጠባይ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ የሚቀጣጠል ተን ስለማይሰጥ ለማስቀመጥ ይሻላል። በጭሱ በኩል ሁለቱም ክፉዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል፤ ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም በተዘጋ ስፍራ ሰውን ይገድላል። ስለዚህ ዕቃ ሲጫንና ሲራገፍ በመጋዘን ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መተው አይገባም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተነገረው በአጭሩ ሲጠቃለል፣ መንገዱ ረጅም፣ ጭነቱ ከባድ፣ የሚነዳውም ኪሎ ሜትር ብዙ የሆነ ነጋዴ የናፍጣ ሞተር ይምረጥ። በከተማ ውስጥ ጥቂት የሚነዳ የቤንዚኑን ይያዝ፤ ከከተማ የማይወጣም ከሆነ የኤሌክትሪኩን መኪና በዚሁ ሒሳብ አስገብቶ ይመዝነው። በሁለቱ መካከል ያለ ሰው ለሦስት ወር ያህል በየቀኑ የሚሄድበትን ኪሎ ሜትርና የሚጭነውን ክብደት በመዝገብ ይጻፍ። ይህ መዝገብ ከደላላው ቃል ይልቅ የታመነ መካሪ ይሆነዋል። በሱቁ የሚሸጠውን ዕቃ ሳይመዝን የማይገዛ ነጋዴ፣ መኪናውንም ሳይመዝን ሊገዛ አይገባውም።