ሥነ ልቡና ተምሮ ወዴት?

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አጥሩንና ዘቡን ነው። ስሙ ግን «ማረሚያ» ይላል። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ እኛም ደብተር እናርማለን። ሰውን ለማረም ደግሞ በቅድሚያ ለምን እንዳጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ከሚመረምሩት ትምህርቶች አንዱ ሥነ ልቡና ነው። ጀርመናዊው ቩንት በ1879 (እ.ኤ.አ.) በላይፕዚግ ቤተ ሙከራ ከፍቶለታል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል።

በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ በትምህርት ቤት አማካሪ፣ በማረሚያ ቤት የተሐድሶ ባለሙያ፣ በመሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ግን አይደለም፤ መድኃኒት የሚያዘው ሕክምና የተማረው የአእምሮ ሐኪም ነው።

እጩ መምህራን! ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። ያስቸገረንን ልጅ «ውጣ!» ከማለታችን በፊት «ምን ሆነህ ነው?» እንበለው። የተባረረ ሁሉ ይታሰራል ማለታችን አይደለም፤ ግን በጊዜ የተጠየቀ ልጅ በጊዜ ይመለሳል።