የሚያፈሰው ጠብታው ከወደቀበት አይደለም

ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ከሚገነጠለው መንገድ አቅራቢያ፣ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። አዛውንቱ በወጣትነታቸው ፊያት ኤንትሬ ይዘው በባቲ በኩል አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ኋላም ጋራዥ የሠሩ ናቸው። ወጣቱ መኪናዋን የገዛው በቅርቡ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ጨረሰችኝ። ጠዋት ውሃ እሞላለሁ፣ ማታ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ዘይቱም እንዲሁ። መካኒኩ ደግሞ «ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ።

አዛውንቱ፦ አብሽር። ምን አይቶ ነው እንዲህ ያለው?

ወጣቱ፦ የዘይቱን ታፖ ከፈተና ከውስጥ በኩል ነጭ ቅባት መሳይ ነገር አሳየኝ። ውሃና ዘይት ተገናኝቷል ማለት ነው አለ።

አዛውንቱ፦ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ አይቷል? ከስር ገብቷል?

ወጣቱ፦ ኧረ የለም። ቆሞ ነው የነገረኝ።

አዛውንቱ፦ ቆሞ ቴስታታ ማውረድ ቀላል ነው፣ ገንዘቡ ያንተ ነዋ! በል ዘንጉን ሳበው። ምን ይመስላል?

ወጣቱ፦ ጥቁር ነው። ንጹህ ጥቁር፤ ነጭ ነገር የለበትም።

አዛውንቱ፦ ውሃ ኮፓ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ዘይቱ ራሱ ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር፣ መጠኑም ይጨምር ነበር። ታፖው ስር ብቻ ያለው ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንፋሎት ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና፣ በተለይ በዚህ በእኛ ብርድ፣ ውስጧ ያለው እርጥበት ተኖ አይወጣም። ሄዶ ታፖው ላይ ይለጠፋል። እስቲ ልጠይቅህ፤ ቴርሞስታት አላት?

ወጣቱ፦ የሸጠልኝ ሰው አውጥቼዋለሁ ብሎኛል። እንዳትሞቅብኝ ብዬ ነው አለ።

አዛውንቱ፦ ይኸውልህ! ነጩ ቅባት ከዚህ ነው የመጣው። ቴርሞስታት ማውጣት የአገሩ ሁሉ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልወደውም። ውሃው 82 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ መንገዱን ዘግቶ የሚይዝ ዕቃ ነው። ከወጣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት በብርድ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። ዳገት ላይ መሞቋን ደግሞ አላስቀረልህም፣ አይደል?

ወጣቱ፦ አላስቀረም። ደሴ ስወጣ ትፈላለች።

አዛውንቱ፦ ውሃ የሚጎድለውም ያኔ ነው። አሁን ሞተሩ ቀዝቅዟል? እጅህን ራዲያተሩ ላይ አድርገህ እየው። ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ታፖ የከፈተ ሰው ፊቱን ያጣል፤ ይህን አደራ እንዳትረሳ። ከቀዘቀዘ ክፈተውና የታፖውን ጎማ አሳየኝ።

ወጣቱ፦ ደርቋል። ጠርዙ ተሰነጣጥቋል።

አዛውንቱ፦ ይህ ታፖ ክዳን ብቻ እንዳይመስልህ። እዚህ ሐይቅ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነች 92 እንኳ አይሞላም። ሞተርህ ደግሞ በደህናው ቀን የሚሠራው ከ82 በላይ ነው። በመካከሉ ያለው ጥቂት ዲግሪ ዳገት ላይ ወዲያው ያልቃል። ታፖው ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ግፊቱን እስከዚያ ድረስ አምቆ ይይዛል ማለት ነው። ግፊት ከያዘ እዚሁ ሐይቅ ላይ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ከደረቀ ግን ግፊት የለም፤ ውሃው ፈልቶ በቀጭኑ ቱቦ ይወጣል። አንተ «አፈሰሰች» ትላለህ፣ መሬት ላይ ጠብታ አታገኝም፣ መካኒኩም ቴስታታ ይላል።

ወጣቱ፦ ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው?

አዛውንቱ፦ አላልኩህም። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኩ ብረት ነው፤ ደጋግማ ከፈላች አሉሚኒየሙ ይጣመማል። ነገ ጠዋት ራዲያተሩን አፉ ድረስ ሙላና ታፖውን ሳትገጥም ሞተሩን አስነሳ። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንቦለቦለ የፒስቶኑ ግፊት ወደ ውሃው መንገድ ገብቷል። ሌላም አለ፦ አዲሱ ታፖ ከገባ በኋላ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ የላይኛው ማኒኮቶ ከጠጠረ ያው ነው። ጭስ ማውጫው ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ወይም ካንዴላ ፈትተህ አንዱ ብቻ ታጥቦ የነጣ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቴስታታው ይውረድ። ከወረደ ደግሞ አዲስ ጓርኒሲዮን አልብሶ መመለስ አይበቃም። ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ ክፍተቱን መለካት ነው። ቶዮታ በአብዛኛው የሚፈቅደው የሚሊሜትር 5 መቶኛ ነው፤ ካለፈ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጋል። ብሎኖቹም ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በኃይል መለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚልህን አትስማ።

ወጣቱ፦ ውሃው በሌላ በኩልም ቢያፈስስ? እዚህ ማኒኮቶው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ አለ።

አዛውንቱ፦ ጥሩ ዓይን አለህ። ውሃ ሲተን ጨው ይተዋል፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም የዝገት ቅርፊት ያለበት ሁሉ የፈሰሰበት ነው። ፋሸታውን ፍታና የጎማውን ጫፍ ተመልከት። ካበጠና ከላላ ለውጠው፤ ደህና ከሆነ ጫፉን ቆርጠህ፣ የብረቱን አንገት በአሸዋ ወረቀት አጽድተህ መልሰው። ከዚያ የውሃ ፖምፓውን እይ፤ ከዘንጉ ስር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው «እዚህ ጋ አፈሰሰ» ብሎ በሙጫ ይደፍናታል። ቀዳዳዋ እኮ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፣ የውስጡ ሲል ማለቁን የምትነግርህ። ከተደፈነች ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል። ቬንቲላተሩን ይዘህ ወዝውዘው፤ ከተንቀጫቀጨ ፖምፓው ይለወጣል።

ወጣቱ፦ አይንቀጫቀጭም፤ ደረቅ ነው። ግን ጋሼ፣ ውሃውን የምቀዳው ከሐይቁ ነው። ችግር አለው?

አዛውንቱ፦ አለው እንጂ። ሐይቃችን ከላይ ከአርዲቦ በኩል ውሃ ይገባበታል፤ በወንዝ የሚወጣ ግን የለም። ፀሐይ ውሃውን ታነሳለች፣ ማዕድኑ ይቀራል። ራዲያተርህም ሌላ ትንሽ ሐይቅ ነው፦ እያፈላህ ታተናለህ፣ እየሞላህ ትጨምራለህ፣ ኖራው ግን ውስጥ ይከማቻል። ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሲደፈኑ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ውስጡን አጥበህ ኩላንትና ዲስትልድ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙላ። ዲስትልድ ካጣህ በንጹህ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻልሃል።

ወጣቱ፦ ኩላንት በረዶ ላለበት አገር ነው ይላሉ።

አዛውንቱ፦ በረዶው አንዱ ሥራው ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን ዝገት መከላከሉ ነው፤ አሉሚኒየምና ብረት በአንድ ውሃ ውስጥ ሲኖሩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ቢጣፍጥም መርዝ ነውና የተቀዳውን ውሻና በግ እንዳይልሰው ሰውረው። ሐይቁ ዳር እንዳትደፋብኝ ደግሞ! የገባበት አይወጣም ብዬሃለሁ።

ወጣቱ፦ ራዲያተር የሚደፍን ዱቄት ገበያ ላይ አየሁ።

አዛውንቱ፦ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ለአንድ ቀን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከቀዳዳው ይልቅ ደህናዎቹን ቱቦዎች ይደፍናል። የነሐስ ራዲያተር እኮ አውርደው በስታኞ ይጠግኑታል።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ዘይቱስ? ከስር ኮፓው በሙሉ ርሷል። የኮፓው ጓርኒሲዮን መሰለኝ።

አዛውንቱ፦ ዘይት ወደታች ይወርዳል፣ ስትነዳ ንፋስ ወደኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው ከወደቀበት ሳይሆን ከላይና ከፊት ነው ፍለጋው። መጀመሪያ ሞተሩን በነዳጅና በብሩሽ እጠብ፣ ካርቡራተሩንና ዲስትሪቢዩተሩን በላስቲክ ሸፍነህ። ሲደርቅ የጠመኔ ዱቄት ነስንስበት። ደሴ ድረስ ደርሰህ ና፤ ዱቄቱ መጀመሪያ የጠቆረበት፣ ከሁሉም ከፍ ያለው ቦታ ነው የሚያፈሰው።

ወጣቱ፦ የላይኛው የቫልቭ ክዳን ጠርዝ ላይ እንኳ እርጥብ ነው። አጥብቄው ነበር።

አዛውንቱ፦ አጥብቀህ ነው ያበላሸኸው። ቆርቆሮ ነው፣ ሲጠብቅ ይጎብጣል፣ ጓርኒሲዮኑም ይጨፈለቃል። አውርደህ ጠርዙን ጣውላ ላይ አስተካክለህ አዲስ ጓርኒሲዮን አልብሰው። የቤንዚን ፖምፓው ብሎኩ ላይ የተገጠመበትን፣ የዲስትሪቢዩተሩን ስር፣ የዘይት ግፊት አምፖሏን ሽቦ የያዘውን ዕቃ፣ ፍልትሮውንም እይ። አንዳንዴ የአሮጌው ፍልትሮ ጎማ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይገጠማል፤ ሁለት ጎማ ደግሞ አይያያዝም። ካምቢዮውና ሞተሩ ከተገናኙበት የሚወርድ ከሆነ የኋላው ሲል ነው፤ ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል፣ እሱን ፍሪሲዮን ሲለወጥ አብረህ ትሠራዋለህ።

ወጣቱ፦ ስንት ቦታ ነው የሚፈስሰው!

አዛውንቱ፦ ብዙ ቦታ አንዴ ካፈሰሰ ምክንያቱ አንድ ሊሆን ይችላል። ከቫልቭ ክዳኑ ወደ ካርቡራተሩ አካባቢ የሚሄደውን ቀጭን ጎማ ፍታ። ንፋው።

ወጣቱ፦ አያልፍም። ተደፍኗል።

አዛውንቱ፦ ሞተሩ መተንፈሻ አጥቷል። ውስጥ የታመቀው ግፊት መውጫ ሲፈልግ ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑ ይገፋዋል። አዲስ ሲል ብትገጥም በወሩ ያፈስሳል። ጎማውን አጽዳ፣ ከተሰነጠቀ ለውጥ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ታፖ ክፈት፤ በኃይል እፍ እፍ የሚል ከሆነ የፒስቶኖቹ ፋሻዎች አልቀዋል፣ ያ ሌላ ወጪ ነው። ካላለ እድለኛ ነህ።

ወጣቱ፦ አሁን ከየት ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ከራዲያተሩ ታፖ። ከዚያ መተንፈሻውን አጽዳ፣ ቴርሞስታት መልስ፣ ማኒኮቶውን አስተካክል። የአረፋውን ፈተና ነገ ጠዋት ሥራ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጥ፤ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅምና። ደሴ ታፖ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ቁጥሩ 0.9 ይሁን፣ የአንገቱም ርዝመት ይመሳሰል። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልህ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፍ።