በፀሐይ የቆመ መኪናና የታመቀ አየር

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ አየር የተሞላ ሲሊንደር በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ቢቀመጥ ይፈነዳል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «አዎን» ወይም «የለም» ብሎ መገላገል ቀላል ነው። የመምህር ሥራ ግን ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ የባሕር ጠላቂዎችን እንውሰድ። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ጠላቂው አየር ይዞ የሚወርድበትን መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፣ ሰዎች የታመቀ አየር በጀርባቸው አዝለው ባሕር ውስጥ ይገባሉ። እንደ ጅቡቲ ባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ ሲሊንደሩ ወደ ባሕሩ የሚጓዘው በመኪና ነው፤ የበጋው ሙቀት ደግሞ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። መስኮቱ ተዘግቶ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ሲሊንደሩ በ20 ዲግሪ ሙቀት 200 ባር ተሞልቷል እንበል። የሲሊንደሩ ይዘት አይለወጥም፤ ስለዚህ ግፊቱ ከሙቀቱ ጋር በተመጣጣኝ ይጨምራል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። «ሙቀቱ ከ20 ወደ 60 ሦስት እጥፍ ስለ ሆነ ግፊቱም 600 ባር ይሆናል» እንላለን። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው! ሕጉ የሚሠራው በኬልቪን ነው። በሴንቲግሬዱ ላይ 273 ስንደምር 20 ዲግሪ 293፣ 60 ዲግሪ ደግሞ 333 ኬልቪን ይሆናል።

200 × 333 ÷ 293 = 227 ባር ገደማ

ለ200 ባር የተሠራ የብረት ሲሊንደር በአውሮፓ ደንብ በ300 ባር ተፈትኖ ነው አገልግሎት ላይ የሚውለው። ስለሆነም ደኅና የሆነና በልኩ የተሞላ ሲሊንደር በመኪና ሙቀት ብቻ ይፈነዳል ማለት አይቻልም።

ታዲያ ሥጋት የለም ማለት ነው? አይደለም! አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

አንደኛ፣ ከልክ በላይ የተሞላ፣ ውስጡ የዛገ ወይም የፍተሻ ጊዜው ያለፈበት ሲሊንደር ያ ትርፍ አቅም አይኖረውም። በአሜሪካ በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት የሚፈተነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ያልታሰረ ሲሊንደር አለ። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል፤ ሲሊንደሩ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። የኒውተን የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው። ቫልቩ ተመትቶ ከተሰበረ ደግሞ አየሩ ወደ አንድ ወገን ሲወጣ ሲሊንደሩ ወደ ሌላው ይወነጨፋል፤ ይህም ሦስተኛው ሕግ ነው። ስለዚህ ተጋድሞ በደንብ ይታሰር፣ ቫልቩም ከግጭት ይጠበቅ።

ሦስተኛ፣ እሳት ነው። እሳት ግፊቱን ከመጨመሩም በላይ ብረቱን ያደክመዋል።

እኛ ዘንድ ባሕር ባይኖርም በየቤቱ የቡታ ጋዝ አለ። ይህ ግን ከአየሩ ይለያል። በውስጡ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል። ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ቢሞላ ፈሳሹ መስፊያ ቦታ ያጣና ግፊቱ በጥቂት ዲግሪ ብቻ በኃይል ይወጣል። ክፍት ቦታ ተትቶ የሚሞላው ለዚህ ነው። ጋዙ ካፈተለከ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች። እናም በታክሲም ሆነ በባጃጅ ስናጓጉዘው አቁመን እንሰረው፣ መስኮት እንክፈት፣ ሲጋራ አይጨስ፤ ስንደርስም ወዲያው እናውርደው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

በክፍል ውስጥ ለማሳየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ባዶ የላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቃችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ጎኑ ይጨማደዳል። አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አኑሩት፤ ተመልሶ ይወጠራል። የታሸገ የመስተዋት ጠርሙስ ግን በፍጹም አታሙቁ።

መልመጃ፦ በ20 ዲግሪ 150 ባር የተሞላ የሆስፒታል ኦክስጅን ሲሊንደር 50 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ስንት ይሆናል? (መልስ፦ 165 ባር ገደማ። 375 ያገኘ ሰው በሴንቲግሬድ አስልቷልና ከላይ ያለውን እንደገና ያንብብ።)