ሰንጠረዥና ቼዝ፦ ማት ሁሉ እኩል ነው ወይ?

እኛ ሠልጣኞች በቀን ስንት ጊዜ ሰንጠረዥ እናሰምራለን? የትምህርት ዕቅዱ በሰንጠረዥ፣ የተማሪው ውጤት በሰንጠረዥ፤ የሒሳብ መምህራችንማ ጠመኔ ካነሱ ሰንጠረዥ ሳይሠሩ አያስቀምጡም። ነገር ግን ቃሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት የጨዋታ ስም ነበር። ዓረቦች «ሸጥረንጅ» የሚሉት፣ እኛ ዛሬ በአብዛኛው ቼዝ የምንለው ጨዋታ በአገራችን ስሙ ሰንጠረዥ ነው። መሥመርና ዐምድ ያለውን ሁሉ በዚሁ ስም መጥራታችን ከገበታው መልክ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በቼዝ ክበባችን የተነሣ ክርክር ነው። አንድ ጓደኛችን «ሰንጠረዥ እኮ ተራ እንኳን የሌለው የድሮ ሰው ጨዋታ ነው፤ ለውድድር የሚሆን ነገር አይደለም» አለ። ሌሎቻችን ተቆጣን። ተቆጣን እንጂ የምንመልሰው አልነበረንም፤ ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን።

ያገኘነውን ባጭሩ እንናገር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ጨዋታውን የሚያውቁ ነበሩ። ሕጉን በዝርዝር የጻፈው ደግሞ በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ሲሆን መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ አንድ ጥናት አሳትመዋል።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። የሰንጠረዥ ገበታ እንደ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ 64 ቤት ይከፈልበታል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፉበታል። ደር በቼዝ ግንብ የምንለው ነው፤ መደቅ ደግሞ ወታደሩ ነው፣ የሚሄደውም ሁልጊዜ አንድ አንድ ቤት ብቻ ነው። ፈርዝ በንግሥቲቱ ቦታ ይቁም እንጂ አቅሙ የሷ አይደለም፤ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። እንዲህ እንደ ልቧ የምትበረው ንግሥት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስፔን አካባቢ የተፈጠረች ናት፤ የእኛ አገር ጨዋታ ግን የጥንቱን ሕግ እንደያዘ ቆየ። ፊል ማለት ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል። ሒሳቡን ሠርተን እንዳየነው አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች የሚረግጠው 8ቱን ብቻ ነው።

ጓደኛችን «ተራ የለውም» ያለው ወረራን ነው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቼዝ በተራ ነው። ነገሩ ሩጫ ይመስላል፤ አይደለም ግን። ባላጋራ ምን እንደሠራ እያዩ የራስን ማስተካከል፣ ሲያስፈልግም ያራመዱትን መመለስ ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን የማት ሕግ ነው። ንጉሡ ተይዞ መውጫ ሲያጣ ማት ነው፤ በቼዝ ውድድር በምንም ይሁን በምን ማት ካደረግህ አንድ ነጥብ ትወስዳለህ። በሰንጠረዥ ግን ማት ሁሉ እኩል አይደለም። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ያሸንፋል እንጂ አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ ሲሆን ይከበራል። በመደቅ ሲሆን ደግሞ ይጨበጨባል። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ ጭራሽ አይፈቀድም፤ ጨዋታው አቻ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ባላጋራውን አይጨርስም፤ ሰው አስቀርቶለት ያሸንፈዋል።

ይህን ይዘን አንድ በዓለም የታወቀ ጨዋታ መረመርን። በ1851 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ተደረገ። 16 ሰዎች ተወዳደሩ፤ አሸናፊው አዶልፍ አንደርሰን የሚባል ጀርመናዊ ሆነ። ሥራው ምን ነበር ቢባል፣ የሒሳብ መምህር! (ይህን ስናነብ ክፍሉ በሙሉ ነበር የሳቀው፤ ያ የሰንጠረዥ ወዳጅ መምህራችንም ጭምር።) በዚያው ሰሞን ከውድድሩ ውጪ ከኪዘሪትስኪ ጋር የተጫወተው ጨዋታ እስከ ዛሬ «የማይሞተው» እየተባለ ይጠራል። አንደርሰን አንድ ቢሾፕ፣ ሁለቱን ግንቦቹንና በመጨረሻ ንግሥቱን አስበላ። የቀሩት ሁለት ፈረስ፣ አንድ ቢሾፕና ወታደሮች ነበሩ። ባላጋራው ግን ንግሥቱም ግንቦቹም በሙሉ በእጁ ናቸው።

የመጨረሻዋን እንቅስቃሴ በገበታ ላይ ደጋግመን አየናት። የጥቁሩ ንጉሥ በኋለኛው ረድፍ መካከል ቆሟል። ግራና ቀኙን ገሚሱን የራሱ ሰዎች ዘግተውታል፤ የቀሩትን መውጫዎች ሁለቱ የነጭ ፈረሶች ይጠብቃሉ። አንደርሰን ቢሾፑን በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ገፋው፤ ማት ሆነ። ልብ በሉ፣ አንዲት ቤት በሰያፍ! ይህ የፈርዝ እርምጃ ነው። በዚያ ቤት በቢሾፑ ፈንታ የእኛ ፈርዝ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያው ማት ነበር። ባላጋራው ሠራዊቱ ሳያልቅ፣ በትንሽ ሰው፣ በትንሽ እርምጃ መሸነፉ፣ የሰንጠረዥ ሸንጎ ቢያየው የሚያጨበጭብለት ዐይነት ነው።

ታዲያ የአንደርሰንን እርምጃ አንድ በአንድ ማየት የቻልነው ለምንድን ነው? ስለተጻፈ ነው። ያውም በመጽሔት ያሳተመው የተሸነፈው ኪዘሪትስኪ ራሱ ነው! የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ግን እንደዚያ ልናየው አንችልም፤ መጫወታቸው ተጻፈ እንጂ እርምጃቸው አልተጻፈም። እዚህ ላይ ጓደኛችን ግማሽ እውነት አለው ብለን ተቀበልን። ወረራ ለመዝጋቢ አይመችም፤ ተራ የሌለውን ነገር በተራ ቁጥር እንዴት ትጽፈዋለህ? ውድድሩ ዓለም አቀፍ እየሆነ ሲሄድ ደግሞ ሰዓት መጣ። በ1883 እ.ኤ.አ. በለንደን ውድድር ባለ ሁለት ፊት የቼዝ ሰዓት ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የዓለም ፌዴሬሽን ተቋቋመ። ሰዓት ተራን ይፈልጋል።

ክርክሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ቅዳሜ ዕለት ሞከርነው። አንድ ቀይ ጨርቅ በእስክሪብቶ አሰመርንና የቼዙን ንግሥት ፈርዝ፣ ቢሾፑን ፊል ብለን ተቀመጥን። በመጀመሪያው ወረራ አንዱ በጥድፊያ ዘጠኝ ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሦስት ብቻ ነበር ያንቀሳቀሰው፤ «አጭበረበርክ!» ተባለና ጨዋታው በጭቅጭቅ ፈረሰ። በሁለተኛው ግን ባለ ሦስቱ ዝም ብሎ እያየ የጥድፊያውን ክፍተት አገኘና አሸነፈ። ተመልካቹ ሁሉ ምክር ይጮኻል፤ ልክ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በቆርኪ ዳማ እንደሚጫወቱት ሰዎች። ሶልትም ሆነ ፕላውደን ያዩት ጨዋታ በዝምታ የሚካሄድ አልነበረም።

ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ያው ተከራካሪ ጓደኛችን በደር ማት የሚያደርግበት ቦታ ደረሰ። እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ መለሰው። «በመደቅ አደርጋታለሁ» አለ። አራት እርምጃ ፈለገ፤ በሦስተኛው ፈረስ ገባበትና ደሩን አጣ፤ ተሸነፈም። ገሚሶቻችን ሞኝ አልነው። ገሚሶቻችን ግን ዕለቱን ሙሉ ያን መደቅ ስናወራ ዋልን፤ ማን እንዳሸነፈው እንኳን አሁን ለማስታወስ አሰብ ማድረግ ያስፈልገናል። እሱ ራሱ ምን አለ? «ሕግማ አለው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የአራቱንም እርምጃ በደብተሩ ጽፎ ይዞታል።

ጨርቁ አሁን በማንበቢያ ክፍል ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ በላይ ይገኛል። መምህራንም ቢመጡ ደስ ይለናል።

ለዚህ ዕትም ጥያቄ፦ በአንድ ጨዋታ ያሉት አራቱ ፊሎች፣ የራስም ሆኑ የባላጋራ፣ አንዱ የረገጠውን ቤት ሌላው መቼም አይረግጠውም። ፊሎቹ በፊተኛውና በመጨረሻው ረድፍ ከግራ 3ኛና 6ኛ ቤት ላይ ናቸው። ለምን እንደማይገናኙ አስረዱ። ፍንጭ፦ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር። መልሱን በሥዕል ሳይሆን በሁለት ዐረፍተ ነገር የጻፈልን ሰው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ወረራ ይጫወታል።