ትምህርት አሥራ አንድ፦ አነጻጻሪ ድርሰት

ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ መመዘኛውን ይወስናል፤ ሁለቱንም በዚያው መመዘኛ ይመዝናል፤ በመጨረሻም ፍርዱን ይሰጣል። አንዱን በዋጋው፣ ሌላውን በመልኩ ብቻ የገለጸ ድርሰት አነጻጻሪ አይባልም። ይህን በማስታወስ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ አንብቡ።

ምንባብ፦ ታንኳና የሞተር ጀልባ

ከከሚሴ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሐይቅን ከተማ ያገኛል። በአጠገቧ ያለው ሐይቅ ከጣና በስፋት እጅግ ያንሳል፤ በጥልቀት ግን ይበልጠዋል። የጣና ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ሲሆን የዚህኛው ከ80 ሜትር ያልፋል። ውኃ ከውኃ ስለሚለያይ ጀልባም የሚመረጠው እንደሚሠራበት ውኃ ነው።

በጣና ለዳርም ለመሐልም የሚሆን ጀልባ የሚሻ ዓሣ አጥማጅ ውኃውን፣ ወጪውንና በዓሣው ላይ የሚደርሰውን ውጤት ይመዝናል። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ ቀላል በመሆኑ ጥልቀት በሌለው ውኃ ያልፋል፤ ነዳጅም አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ዘወትር ከዳር አውጥቶ ማድረቅ ግድ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ማዕበል ሲነሣ በታንኳ ከመሐል መገኘት ለሕይወት ያሰጋል። የሞተር ጀልባ በአንጻሩ ሩቅ ይደርሳል፤ ብዙ መረብም ይጭናል፤ ነዳጅና መለዋወጫ ግን ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ከዚያ በኋላ ነጭ ዓሣ ለመራባት በክረምት በሚሰበሰብባቸው የወንዝ አፎች መረብ በብዛት ስለ ተጣለ ቁጥሩ እጅግ ቀነሰ። ታንኳ ከዳር ብዙ የማይርቅ በመሆኑ ሳያስበው ዓሣውን ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ከሁለቱ ይልቅ የሚሻለው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከዳር በመቅዘፊያ፣ ከመሐል በትንሽ ሞተር የሚሄድ ጀልባ ነው። ይህም የሚበጀው ባለቤቱ ማዕበልን ሲፈራና የመራቢያውን ወራት ሲያከብር ብቻ ነው።

መልመጃ

1. በምንባቡ የተጠቀሱትን ሦስት መመዘኛዎች ጻፉ። ደራሲው ታንኳንም ጀልባንም በሦስቱም መዝኗልን? አስረዱ።
2. «በአንጻሩ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከ… ይልቅ» የሚሉትን እያስገባችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።
3. በባቲ የሰኞ ገበያ ጭነት የሚያመላልስ ነጋዴ ከግመልና ከአህያ የትኛው ይሻለዋል? መመዘኛችሁን አስቀድማችሁ በመግለጽ ሁለት አንቀጽ ጻፉ።