ለታመመ ጓደኛ ምን ይዘን እንሂድ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ነገር ግን እኛ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ስለምንሸሸው አንድ ምግባር ነው፤ ይኸውም የታመመን ጓደኛ መጠየቅ ነው።

በውርጌሳም ሆነ በመርሳና በወልድያ ሰው ሲታመም ቤቱ ብቻውን አይቀርም። ጎረቤት አጥሚቱን፣ ብርቱካኑን፣ ማንጎውን ይዞ ይመጣል። ክርስቲያኑ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ ሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ «አብሽር» እያለ ያጽናናል። «አብሽር» ከዐረብኛ የመጣ፣ የምሥራች የሚል መንፈስ ያለበት ቃል ነው፤ በእኛ በወሎ ግን የሁሉም ሰው ቃል ሆኗል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ሀብት ነው።

ሆኖም ዕድሜ እኩያችን በጽኑ ሕመም ሲያዝ እኛ እግራችን ይከብዳል። ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም፤ ምን እንደምንል አለማወቃችን ነው። የሚሄደውም ቢሆን አንዳንዱ ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል፤ ሌላው ደግሞ «እገሌም በዚሁ በሽታ ነበር የተያዘው» ብሎ የሟች ታሪክ ይጀምራል። እንግዲህ ምን ይዘን እንሂድ? የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፤ ጸሎታችንን፣ ጊዜያችንን፣ ከእነርሱም ጋር አብረን የሳቅንበትን አንድ ትዝታ ይዘን እንሂድ የሚል ነው።

1. መጠየቅ ትእዛዝ ነው

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የታመመን የጠየቀ እርሱን እንደጠየቀ እንደሚቆጠርለት አስተምሮናል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 7 ሕሙምን ለመጠየቅ እንዳንሰንፍ ይመክራል። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 2 የምናነባቸው አራት ሰዎች ደግሞ ሽባውን ተሸክመው መጥተው፣ በሕዝቡ ብዛት መግቢያ ቢያጡ ጣራውን ነድለው አወረዱት። ጌታም የእነርሱን እምነት አየ ይላል። ስማቸው አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

2. የኢዮብ ወዳጆች ትምህርት

ኢዮብ በደዌ በተመታ ጊዜ ሦስቱ ወዳጆቹ ከሩቅ አገር መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን «ይህ የደረሰብህ በኃጢአትህ ነው» ወደሚል ክርክር ገቡ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ራሱ ገሠጻቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ንግግር ባይኖረንም አብሮ መቀመጥ ራሱ ስጦታ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ በበሽተኛ ራስጌ የኃጢአት መርማሪ መሆን የእኛ ድርሻ አለመሆኑ ነው። ለኑዛዜው የንስሐ አባት አለው። በያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 በተጻፈው መሠረት ካህናት ጸልየው የሚቀቡበት ምሥጢረ ቀንዲልም አለ። የጓደኛ ሥራ ጓደኛ መሆን ነው።

3. በሕሙም ፊት መሳቅ ነውር ነውን?

«እንዴት በበሽተኛ ፊት ይሳቃል?» የሚሉ አሉ። በእርግጥ ፌዝና ዋዛ ፈዛዛ አባቶቻችን የሚገሥጹት ነገር ነው። ነገር ግን ሳቅ ሁሉ ፌዝ አይደለም። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 3 ለልቅሶም ለሳቅም ጊዜ እንዳለው ይናገራል። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 17 ደስ ያለውን ልብ ከመድኃኒት ጋር ያመሳስለዋል። ሣራ በእርጅናዋ የወለደችው ልጅ ይስሐቅ ተባለ፤ የስሙ ትርጉም ከሳቅ ጋር የተያያዘ ነው። እግዚአብሔር ለተስፋው ልጅ ሳቅን ስም አድርጎ ከሰጠ፣ ሳቅን ከቅድስና ውጭ ልናባርረው አንችልም።

በአገራችንም አለቃ ገብረ ሐናን እናስታውስ። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው የአቋቋም ስልት መነሻው እርሳቸው ናቸው። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በጨዋታቸውና በቀልዳቸው ያነሣቸዋል። ማሕሌት የቆመ አንደበት ሰውንም ማሣቅ እንደሚችል ከእርሳቸው በላይ ምስክር አያስፈልገንም።

4. የተንከባለለው ከበሮ

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ከልጅነት ጀምሮ አብሮን ያደገ አንድ ከበሮ መቺ ወንድማችን በጽኑ ሕመም ተይዞ ከውርጌሳ ወደ ደሴ ተወስዶ ተኛ። ሦስት ሆነን ልንጠይቀው ሄድን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። እናቱ «ግቡ ልጆቼ» ብለው ከአልጋው ሥር አስቀመጡን። ስለ ምግቡ ብንጠይቀው «እ» ይላል፤ ስለ ሌሊቱ ብንጠይቀው «ደኅና» ይላል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል።

በዚህ ጊዜ አብራን የነበረችው እኅታችን «ከበሮው ያመለጠበት ጥምቀት ትዝ ይልሃል?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታቦቱን አጅበን ቁልቁል ስንወርድ የከበሮው ማንገቻ ተበጠሰ። ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለሆነ ቀጥ ብሎ አይንከባለልም፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየታጠፈ «ድም! ድም!» እያለ ቁልቁለቱን ያዘው። ወንድማችን ነጭ ልብሱን ሰብስቦ ይከተለዋል፤ ሊይዘው ሲል ከበሮው ይታጠፋል። ከኋላ ያሉት ሕፃናት መዘምራን የሆነውን ስላላዩ የከበሮውን መንከባለል ምት መስሏቸው በዚያው ልክ ያጨበጭቡ ጀመር። አንዲት እናት «ያዙት! ያዙት!» ብለው ጮኹ፤ ከበሮውን ይሁን ልጁን እስከ ዛሬ አልታወቀም። በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር የቆሙ አንድ ሙስሊም አባት በከዘራቸው ገትተው ያዙትና «አብሽር ልጄ፤ ይህ ከበሮ ወደ መንዙማ ሊያመልጥ ነበር መሰለኝ፤ ማንገቻውን አጥብቀህ እሰረው» አሉት። እርሱም እያለከለከ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ብሎ ተሸክሞት ተመለሰና፣ የመጀመሪያ ቃሉ «የትኛው አዝማች ላይ ደረሳችሁ?» የሚል ሆነ።

እኅታችን ይህን ስትናገር ወንድማችን ቀስ ብሎ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ከዚያም በደከመ ድምፅ «ከበሮው የሸሸው እኮ ከእኔ አልነበረም፤ ከእናንተ ድምፅ ነው» አለ። ሁላችን ሳቅን። እናቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ተመስገን፤ ጥርሱን ካየሁ ስንት ቀኔ!» አሉ። ከጎኑ የተኙት በሽተኛ ሳይቀሩ «እስቲ ድገሙልኝ» አሉን።

ትልቁ ነገር ግን ከሳቁ በኋላ የመጣው ነው። እናቱ ዕቃ ሊያጥቡ ሲወጡ ወንድማችን ጥቂት ዝም ብሎ «እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ነው እንጂ ሌሊት ሌሊት እፈራለሁ» አለን። «አይዞህ፣ ምንም አልሆንክም» ያለው ሰው አልነበረም። እጁን ያዝነው። አብረን በለሆሳስ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። እርሱም የንስሐ አባቱ እንዲመጡለት ራሱ ጠየቀ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» እንዲሉ፣ የተዘጋው ልብ የተከፈተው በዚያች ትንሽ ሳቅ ነው። ሕመሙ ገና አልለቀቀውም፤ ዛሬም በሕክምና ላይ ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት «የ6 ቁጥር በሽተኛ» መሆኑ ቀርቶ ከበሮ መቺያችን ሆኖ አየነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሱን አየ።

5. የሕክምና ዕውቀት ምን ይላል?

ኖርማን ከዚንስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ1964 እ.ኤ.አ. በከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ተይዞ ሳለ አስቂኝ ፊልሞች እያየ ይስቅ ነበር። አሥር ደቂቃ ከልብ መሳቅ ሁለት ሰዓት ያህል ያለ ሥቃይ እንዲተኛ እንደረዳው በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ መስክሯል። ይህ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ ሳቅ በሽታን ይፈውሳል ለማለት አይበቃም። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሮቢን ደንባርና ጓደኞቹ ባወጡት ጥናት፣ ከሰው ጋር ሆነው ከልባቸው የሳቁ ሰዎች ሥቃይን የመቻል ዐቅማቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ምክንያቱም አእምሮ በዚያ ጊዜ ኢንዶርፊን የተባለ ሕመም የሚያስታግሥ ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ ነው ብለው ያስባሉ። እንግዲህ ሳቅ የሐኪምን ቦታ አይወስድም፤ ሸክሙን ግን ለጥቂት ጊዜ ያቀልላል።

6. እንዴት እናድርገው?

ሀ/ ትዝታው አብረን የኖርነው ይሁን። የሚያሳፍረውን ገመና ሳይሆን የሚወደውን ማንነቱን የሚያስታውሰው ይሁን። የሚሳቅበት ሰው ካስፈለገም ያ ሰው እኛ እንሁን።

ለ/ አስቀድመን ፊቱን እንመልከት። ሥቃይ ላይ ላለ፣ ትንፋሽ ላጠረው ወይም ገና ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ሳቅ ራሱ ሕመም ነው፤ ስፌቱን ይስብበታል። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 25 ላዘነ ልብ መዝፈንን በብርድ ቀን ልብስ ከመግፈፍ ጋር አነጻጽሮታል። ማልቀስ ከፈለገ አብረን እናልቅስ።

ሐ/ ጥቂት ሆነን እንሂድ፤ ጥቂት እንቆይ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እጃችንን እንታጠብ፤ ጉንፋን ወይም ሳል ካለብን እስኪለቀን እንቆይ።

መ/ የሟች ታሪክ አናውራ፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ተው አንበል።

ሠ/ በትምህርት ወይም በሥራ ርቀን ያለን ደግሞ ትዝታውን በስልክ በድምፃችን ቀርጸን እንላክለት። እንቅልፍ በሚያጣበት ሌሊት ደጋግሞ ሊሰማው ይችላል።

ረ/ እንመላለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ ይበዛል፤ በሦስተኛው ወር ግን በሩን የሚያንኳኳ ይጠፋል። እውነተኛው ጓደኝነት የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወጣት ወገኖቼ፣ ከመካከላችን ለረጅም ጊዜ ከጉባኤ የቀረ፣ በሕመም ምክንያት ቦታው ባዶ የሆነ ማን እንዳለ በዚህ ሳምንት እንጠያየቅ። ስሙን በጸሎታችን እናንሣ፤ ከዚያም ተነሥተን እንሂድ። ምን እንላለን ብለን አንጨነቅ፤ «ትዝ ይልሃል?» ከሚለው ቃል እንጀምር፤ ቀሪውን እግዚአብሔር ይጨምርበታል።

ሕሙማንን ሁሉ ይማርልን፤ ለሚያስታምሙትም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።