ከጆሮ ሥር ያለ የማያም እብጠት

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከጆሮዋ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት ከወጣባት ወራት ሆኗታል። አያማትም። «ጆሮ ደግፍ ነው» ተብሎ መድኃኒት ወሰደች፤ አልጠፋም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጆሮ ደግፍ በአብዛኛው ያማል፣ ያተኩሳል፤ በ2 ሳምንት ውስጥም ይለቃል። ወራት የቆየው ሌላ ነገር ነው። ከጆሮ ሥር ባለው የምራቅ ዕጢ የሚነሳ ካንሰር በልጆች ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ እኛ አገር የአንገት ንፍፊት ቲቢ ይበልጥ ያጋጥማል። ሆኖም በልጅ የምራቅ ዕጢ ላይ የወጣ ጠጣር እብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂው ከፍ ይላልና «ስለማያማት ደህና ናት» አይባልም። መጀመሪያ አልትራሳውንድ ትነሳ፤ ጨረር የለውም። ከዚያ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ኤምአርአይ ጥልቀቱን ያሳያል። የፊት ነርቭ በምራቅ ዕጢው መሃል ስለሚያልፍ፣ ለናሙና ብቻ ቆዳ ከፍቶ መቁረጥ አይመከርም። መርፌው «ካንሰር የለም» ቢልም እብጠቱ ካደገ አይዘናጉ፤ መርፌ ሊስት ይችላል። ፊቷ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይውሰዷት።